የአያት ቮልስ በካራ ዳገት፦ ፍሪሲዮን ሲቀየር ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ከመገናኛ ተነስቶ ኮተቤን አልፎ ወደ ካራ የሚወጣ ሰው የመኪናውን ጤንነት ለማወቅ ሌላ መርማሪ አያስፈልገውም፤ ዳገቱ ራሱ ይመረምርለታል። ከፊት ሚኒባስ ድንገት ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ከኋላ የጭነት መኪና ተጠግቶ ይጠብቃል። የግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የቀኝ እግር ከፍሬን ወደ ቤንዚን ይዘላል። እንደ ተቃጠለ ወረቀት የሚከረፋው ሽታ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ከሽሮ ሜዳም ሆነ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጡት መንገዶች እንዲሁ ናቸው።

በዚህ በእኛ በኩል ባሉ ግቢዎች ውስጥ ዛሬም ላስቲክ ለብሰው የቆሙ፣ አንዳንዶቹም በየቀኑ የሚሠሩ አሮጌ ቮልሶች አሉ። ቮልስ ለሀገራችን ሰው ተራ መኪና አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ስንቱ ቤተሰብ ሙሽራውን፣ አራሷን፣ ታማሚውን የወሰደው በእርሷ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለችውን መንከባከብ እንጂ አዲስ መግዛት የለም።

ታዲያ ዕድሜዋን በክሊኒክና በሆስፒታል ያሳለፈች ነርስ ስለ ፍሪሲዮን ምን አገባት የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ የመጣው ከአንድ የሰፈራችን አባት ነው። 1300 የሚባለው ቮልስ አላቸው። በአሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው ስልክ ደውሎ፣ “አባዬ፣ እዚህ ለጉልበተኛ መኪኖች የሚገጠም ጠንካራ ፍሪሲዮን አለ፤ ለቮልስም የሚሆን ይሠራሉ፤ ልላክልዎ?” ይላቸዋል። አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው እቃው እስኪመጣ ቸኩሏል፤ ከጓደኛው ጋር ግቢ ውስጥ እኛው እንገጥመዋለን ብሏል። እርሳቸው ግን የግራ ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ቆይቷል። “ሲስተር፣ ይኼ ጠንካራ የሚሉት ነገር ጉልበቴንም ይጠይቃል መሰለኝ፤ ምን ትላለሽ?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። መልሱ መካኒክነትንም ጤናንም የሚነካ ስለሆነ ለወላጆችና ለአያቶች ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለ መያዣና መልቀቂያ ነው። በሁለት መዳፍ መሃል የተያዘ ሳንቲም አስቡ። አንደኛው መዳፍ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባዱ ብረት፣ ቮላኖ ነው። ሁለተኛው መዳፍ በስፕሪንግ የሚገፋው ፕሬሸር ፕሌት ነው። ሳንቲሙ በሁለት ወገን ሸራ የተለበጠው ዲስክ ነው፤ እርሱ ከካምቢዮው ጋር ይዞራል። ፔዳሉን ስንረግጥ ገመዱ ይሳባል፣ ኩሽኔታው ስፕሪንጉን ይጫናል፣ መዳፎቹ ይላቀቃሉ፤ ሞተሩ እየዞረ መኪናው ይቆማል። እግራችንን ስናነሳ መዳፎቹ ዲስኩን ይይዙታል፤ መኪናው ይሄዳል።

ሸራው የሚያልቀው ሲይዝ አይደለም፣ ሲለቅም አይደለም። የሚያልቀው በመሃል ነው፤ ግማሽ ይዞ ግማሽ ሲንሸራተት። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ብቻ መኪናውን አንጠልጥሎ የሚጠብቅ ሾፌር ወር የሚያስኬደውን ሸራ በደቂቃዎች ያነደዋል።

ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት

ታማሚን ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ እንደማይቻል ሁሉ መኪናንም እንዲሁ ነው። ዳገት ላይ ቤንዚን ሲጨመር ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሲነሱ መኪናው እንደ ብርድ ብርድ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራው ዘይት ነክቶት ይሆናል፣ ወይም የገመዱ መሄጃ ቱቦ አቀማመጥ ተበላሽቷል። ማርሽ ሲገባ የሚያንቋርር ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታው ነው።

ከሁሉ በፊት የሚታየው የፔዳሉ ነፃ ጨዋታ ነው። ቮልስ ላይ ፔዳሉ መክበድ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በቀላሉ መሄድ አለበት። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ስፕሪንጉን ይጫናል፣ ሸራው ይንሸራተታል፣ ሰውም ፍሪሲዮን አለቀ ብሎ ሞተር ያስወርዳል። መፍትሔው ግን ከካምቢዮው ጎን፣ ገመዱ የሚያልቅበት ቦታ ያለውን የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ዳዶ ጥቂት ማላላት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ከበዛም ማርሽ አይገባም፤ ያኔ ትንሽ ማጥበቅ ነው።

ጠንካራው ፍሪሲዮን ለማን ተሠራ?

በአሜሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ትልቅ ሞተር መካከለኛ መኪና ውስጥ እየገቡ የሚሸጡ ጉልበተኛ መኪኖች መጡ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያው ዓመት ፎርድ ሙስታንግም ለገበያ ቀረበ። የእነዚህን ሞተሮች ጉልበት ሳይንሸራተት ለመያዝ ፋብሪካው ካስቀመጠው የበለጠ የሚጫን ስፕሪንግና የበለጠ የሚይዝ ሸራ ያስፈልጋል፤ በተለይ ባለቤቱ ሞተሩን አሻሽሎ ሲወዳደርበት። ለዚያ ሥራ የሚመረጠው በሦስት ጥያቄ ነው። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ምን ያህል ነው? መኪናው ምን ያህል ይከብዳል? የሚነዳው በሰልፍ መንገድ ነው ወይስ በእሽቅድምድም ሜዳ? ኃይሉ የበዛና ለውድድር የሚሆነው ከመዳብና ከሴራሚክ የተሠራ ሸራ ይመረጥለታል፤ እርሱ ሙቀት ይችላል፣ ነገር ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል እንጂ በልስላሴ አይነሳም። በከተማ የሚነዳው የተለመደው ለስላሳ ሸራ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቮልስ እንመለስ። የ1300 ሞተር በ1965 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ ደግሞ በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አየር እየሳሳ ሲሄድ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፉ ከ3000 ያልፋል። ስለዚህ ካራ ላይ ያቺ ቮልስ ሩብ ያህል ጉልበቷን ጥላ የቀረች ናት፤ ከ40ው 30 ያህል ቢተርፋት ነው። አሮጌው የፋብሪካ ፍሪሲዮን 40ውን እንዲይዝ ተሠርቶ 30ውን መያዝ አያቅተውም። ዳገቱ ላይ የሚያንሰው የፍሪሲዮኑ ጉልበት አይደለም፣ የሞተሩ ነው። ሞተሩ ስለሚያንስ ሾፌሩ ለመነሳት ብዙ ያንሸራትታል፤ ሸራውን የሚበላው ይህ ነው። ይህንን ደግሞ ጠንካራ ስፕሪንግ አያድንም፤ የሚያድነው አነዳድ ነው።

ጠንካራ ስፕሪንግ ራሱ ዕዳ አለው። ፔዳሉን ያከብደዋል። ቮልስ ውስጥ የእግርን ግፊት ለማገዝ ዘይት የለም፤ እግርን ከኩሽኔታው ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን ገመድ ነው። ሲከብድ ገመዱ ቶሎ ይበጠሳል፣ ፔዳሉ ሥር ያለው መንጠቆ ይጎብጣል፣ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥርም በሞተሩ ዋና ዘንግ መደገፊያ ላይ ጫና ይጨምራል። ሴራሚኩ ሸራ ደግሞ ዳገት ላይ እየነጠቀ ሲነሳ ካምቢዮውንና አክሱን ይመታል።

የጉልበት ነገር

የጉልበት መገጣጠሚያ ልስላሴው ሲያልቅ፣ በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከሁሉ የሚጠላው ተጣጥፎ መግፋትን ነው። የቮልስ ፔዳል ከወለል ወደ ላይ የበቀለ ስለሆነ እግር ተነሥቶ ነው የሚረግጠው። ከመገናኛ እስከ ካራ በሰልፍ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ የሚነዳ ሰው ያውቀዋል። ጉልበታቸው ለሚያም፣ የወገብ ሕመም ወደ እግራቸው ለሚወርድባቸው ሰዎች ፔዳሉ እንዲቀል እንጂ እንዲከብድ አይመከርም። አዲስ ገመድ፣ ንጹሕ ቱቦና በቅባት የታሸ መገጣጠሚያ ፔዳሉን ምን ያህል እንደሚያቀልለው ያየ ያውቃል። መቀመጫውንም እግር ፔዳሉን እስከ ወለል ሲጫን ጉልበቱ ጥቂት እንደታጠፈ እንዲቀር አድርጎ ማቅረብ ነው። የግራ እግሩ በሕመም የከዳው ሰው ፍሪሲዮኑን በሰዓቱ መርገጥ ካልቻለ ግን መንዳቱን ለሌላ መተው ለራሱም ለመንገደኛውም ነው።

መለዋወጫ ሲመረጥ

ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው “የቮልስ ፍሪሲዮን ስጠኝ” ብሎ ብቻ መግዛት የለበትም። የቆዩት ባለ 6 ቮልት መኪኖች ባመዛኙ 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ነው ያላቸው፤ ኋላ የመጡት ባለ 12 ቮልቶች 200 ሚሊ ሜትር። ቮላኖውም ይለያል፤ የድሮው 109 ጥርስ፣ የኋለኛው 130 ጥርስ አለው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ኩሽኔታው በመምሪያ ቱቦ ላይ የሚንሸራተት ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ፕሬሸር ፕሌት መሃሉ ላይ ቀለበት ነበረው። ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። በየግቢው ያሉ ቮልሶች ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሞተራቸው ተቀያይሯል፤ ስለዚህ የመኪናውን ዓመተ ምሕረት ከማመን አሮጌውን አውርዶ፣ ለክቶ፣ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ዲስክ፣ ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ። አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ ማድረግ ሞተሩን በዓመቱ ደግሞ ማስወረድ ነው። ዲስኩ ጠፍጣፋ መሆኑን፣ ሸራው ያልተሰነጠቀ፣ ዘይት ያልነካው መሆኑን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይጠየቅ፤ ሸራው አስቤስቶስ የሌለበት መሆኑ።

የማይታየው አቧራ

እንደ ጤና ባለሙያ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ የሚሠራው ሙቀት ከሚችለው አስቤስቶስ ነበር። ሸራው ሲያልቅ አቧራ ሆኖ በካምቢዮው ቤት ውስጥ ይከማቻል። ሞተሩ ሲወርድ ያ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ፊት ለፊት ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያመጡ ካስታወቀ ቆይቷል። የሳንባ ካንሰር፣ የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ፣ ሳንባን የሚያደርቀው አስቤስቶሲስ ሁሉ ከእርሱ ይመጣሉ። ክፋቱ አይቸኩልም፤ ዛሬ የተሳበው አቧራ በሽታ ሆኖ የሚታየው ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አደጋው ከሽማግሌው ይልቅ ለወጣቱ ያመዝናል።

ጋራዦች ውስጥ የተለመደው በኮምፕሬሰር እፍ ማለት ነው። ይህ አቧራውን ለሰፈሩ ማከፋፈል ነው። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግም ያው ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ውኃና ሳሙና ረጭቶ ማርጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁን እንደረጠበ በፌስታል አስሮ መጣል። አሮጌውን ሸራ በወረቀተ ብርጭቆ አለመፈተግ። አፍንጫን የሚሸፍን ጥሩ ጭምብል ማድረግ፤ የጨርቅ ጭምብል ግን ይህን አቧራ አያግደውም። የሥራ ልብስ ለብቻ ይታጠብ እንጂ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይዘፈዘፍ። በሌሎች ሀገሮች የአስቤስቶስ ሠራተኛ የባሎቻቸውን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሴቶች ነበሩ።

ሞተሩ ሲወርድ

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፍሪሲዮን የሚቀየረው ሞተሩን አውርዶ ነው። ካምቢዮውን የሚይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ሁለት ሰው በግማሽ ቀን ያወርደዋል። ቀላል መሆኑ ግን አያዘናጋ፤ ሞተሩ 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ቅድሚያ የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ቀጥሎ የቤንዚኑ ቱቦ ታስሮ ይፈታል፣ አፉም ይደፈናል። የቤንዚን ገመዱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹና የማሞቂያው ቱቦዎች ይለያያሉ። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ የብረት መቆሚያ ወይም ወፍራም ጠንካራ ግንድ ይደገፍበት። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሥሩ አይገባም። ብሎኬት ድጋፍ አይደለም፤ ባዶ ሆዱ ሲጫኑት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የፊት ጎማዎች በግራም በቀኝም ይታገዱ።

ሞተሩ ሲገባና ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ። ክብደቱ በካምቢዮው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ አዲሱ ዲስክ ገና ሳይሠራ ይጎብጣል። ቮላኖው የተሰነጠቀ፣ በሙቀት የሰማየው ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይወሰድ። ከቮላኖው ኋላ ዘይት ካለ የዘይት ማገጃው ጎማ፣ መካኒኮች ኦይል ሲል የሚሉት፣ ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱ ሸራ በወሩ ዘይት ይጠጣል። ቮላኖውን የሚይዘው ባለ 36 ዳዶ በጣም ከፍተኛ ጥብቀት ይፈልጋል፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይባላል፤ ያም ማለት በ1 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። በመዶሻና በግምት የሚጠብቅ አይደለም፤ ለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ ይጠራ።

ዲስኩ መሃሉን ጠብቆ እንዲቀመጥ በማዕከያ ዘንግ ይያዛል፤ የድሮ የካምቢዮ ዘንግ ቁራጭም ይሆናል። የፕሬሸር ፕሌቱ ብሎኖች በዙር በዙር፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠብቁ። ሸራውን በቅባት እጅ መንካት አይገባም። ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ ወደ ካምቢዮው ሲደርስ ጥቂት ጎበጥ ማለት አለበት፤ ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ የፔዳሉ ጨዋታ ይለካል።

ሞተሩ ወርዶ ሳለ የማሞቂያውን ሳጥኖችና የማርሚታውን መገጣጠሚያ ማየት አይዘንጋ። ቮልስ ሰውን የምታሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ባለፈ አየር ነው። ሳጥኑ ከበላ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። በብርድ ጠዋት መስኮት ዘግቶ እንጦጦን የሚወጣ ቤተሰብ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ድካም ነው ብሎ አይለፈው፤ መስኮቱን ከፍቶ መኪናውን ያቁም፣ ወርዶ አየር ይቀበል።

ልጆች ባሉበት ግቢ

ዕቃ የሚታጠብበትን ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ አስቀምጦ መሄድ በየቤቱ የሚታይ ነገር ነው። ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ እንዲያስታውክ አይገደድ፤ ወተትም አይሰጠው። ቤንዚን ሲወርድ ከሚጎዳው ይልቅ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚጎዳው ይብሳል። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ባይታይም። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ቤንዚኑን በራሱ ዕቃ፣ ከልጅ እጅ አርቆ ማስቀመጥ ነው። ክሪክ ላይ ያለ መኪና ዙሪያም ኳስ አይጫወቱ።

ከተገጠመ በኋላ

አዲስ ፍሪሲዮን እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ እስኪለመድ ይታገሡታል። የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ያህል በለዘብታ መንዳት፣ ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት አለመውጣት። ከዚያም ጨዋታው እንደገና ይለካ።

ዳገት ላይ ሲቆሙ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ሲነሡ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ እያነሡ የመኪናው የኋላ ጎን ዝቅ ሲል፣ የሞተሩም ድምፅ ሲወርድ ቤንዚን ጨምሮ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። እየነዱ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ አይገባም። ቮልስ ሞተሯ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ዳገት ላይ ጎማዋ መሬት ይይዛል፤ ካወቁባት ቀስ ብላ ትወጣለች።

የሰፈራችን አባት ይህን ሁሉ ከልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋግረውበታል። ልጁም ጠንካራውን ትቶ በልኩ የሆነውን የፋብሪካ ደረጃ፣ አስቤስቶስ የሌለበትን ሙሉ ዕቃ ከአዲስ ገመድና ከማዕከያ ዘንግ ጋር ላከ። ቮላኖው ላይ ልምድ ያለው መካኒክ ተጠራ፤ የልጅ ልጁ ጭምብል አድርጎ አጠገቡ ቆሞ ሠራ። አሁን አያቱ ጎን ተቀምጦ በእጅ ፍሬን መነሣት እየተማረ ነው።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወስኗል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪኖች የፍሪሲዮን ፔዳል የላቸውም። አየሩ ይጸዳልና ይሁን፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የአያቱን ቮልስ መውረስ የሚፈልግ ልጅ ከቁልፉ ጋር እነዚህንም ይረከብ፦ አቧራውን ማርጠብ፣ ከክሪኩ ሥር ድጋፍ ማኖር፣ ቤንዚኑን ከሕፃን ማራቅ፣ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን መያዝ። መኪናዋን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን አራቱን አስተምሩት።